ወንዝ የማይሻገር መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ከቤቴ በር ላይ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ፣ የጎረቤቴ ምራት ትንሹን ልጇን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። የሰፈር ውሻ ቁርጭምጭሚቱን ነክሶታል። ገና ምን እንደሆነ ተናግራ ሳትጨርስ አምስት ስድስት ሰው ከበባት፤ ሁሉም በአንድ አፍታ ሐኪም ሆነ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ አስሪበት አላት። አንዷ የምታውቀውን ጠበል ጠራች። ሌላው አዘዞ በኩል ያለ ባለመድኃኒት ስልክ ቁጥሩ እጄ ላይ ነው አለ። አንድ ጎረምሳ ደግሞ «ውሻውን አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ነው» ብሎ ለውሻው መሰከረ። እሷ ዓይኗ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንከራተት ቆይቶ እኔ ላይ አረፈ። «እትዬ፣ ወዴት ልውሰደው?»

እኔ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ትዕግሥት የለኝም። መጀመሪያ ግቢዬ አስገብቼ ቧንቧው ሥር እግሩን በሳሙና አሳጠብኋት፤ ልጁ እሪ ቢልም አልራራሁለትም። ከዚያ ይዣቸው ሆስፒታል ሄድሁ። ክትባቱን ክንዱ ላይ ተወጋና ከረሜላ ተሰጥቶት ዝም አለ። ወረፋ ስንጠብቅ በተቀመጥንበት አግዳሚ ወንበር ላይ ግን እኔ ከነሱ ጋር አልነበርሁም። በዚያው ግቢ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይሆነዋል፣ ከአባቴ ጋር ጭቃ በጭቃ ሆነን የተቀመጥንበት ቀን መጥቶብኝ ነበር።

ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ትምህርት ዘግይቼ ስለጀመርሁ ገና ስምንተኛ ክፍል ነበርሁ። ቤታችን ከአምባ ጊዮርጊስ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ላይ፣ ገብስና ባቄላ ድንችም የሚበቅልበት፣ ክረምት ሲሆን ጉም ከበር ገብቶ ምድጃ ድረስ የሚመጣበት አገር ነው። አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበር። ቀን ያርሳል፤ ማታና ጠዋት ዜማ ያስተምራል። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ግን በዜማው አልነበረም። አባቴ የእብድ ውሻ መድኃኒት ያውቃል። ከአባቱ፣ አባቱ ደግሞ ከአባቱ የወረሰው ነው። ከየትኛው ሥር እንደሚቀመም አልነግራችሁም፤ ብፈልግም አልችልም። ምስጢሩ ለታላቅ ወንድ ልጅ ብቻ ነው የሚተላለፈው። እኛ ሴቶቹ የተፈቀደልን መድኃኒቱ የሚጠጣበትን ወተት ማለብና ዋንጫውን ማጠብ ነበር።

መድኃኒቱ ሕግ አለው። ውሻ የነከሰው ሰው ወንዝ መሻገር የለበትም። ከተሻገረ መርዙ በደሙ ውስጥ ይፈላል ይባላል። መድኃኒቱን ከጠጣም በኋላ አርባ ቀን ሙሉ ከወንዝ ወዲህ ይቆያል። ሕጉ ለባለመድኃኒቱም ይሠራል፤ የተነከሰን ሰው በገዛ እጁ ወንዝ ያሻገረ እንደሆነ መድኃኒቱ ይረክስበታል፤ ያን ሰሞን ያጠጣው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በሽተኛ ወደ አባቴ አይመጣም፤ አባቴ ነው ወደ በሽተኛው የሚሄደው። ሌሊት በዝናብ ተጠርቶ፣ ሥሩን በጨርቅ ቋጥሮ፣ ሦስት አራት ወንዝ ተሻግሮ ሲሄድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ «ደከመኝ፣ ነገ ይሁን» ሲል አልሰማሁም። ስለዚህ አባቴን ሰው አታላይ ነው ብሎ እንዳያስብብኝ እፈልጋለሁ። የሚያምነውን ነው ይሠራ የነበረው፣ ያውም እየተንገላታ።

ታዲያ መድኃኒቱን ከጠጡት ብዙዎቹ ይድኑ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከነከሷቸው ውሾች ስንቱ የእውነት እብድ እንደነበረ እግዜር ይወቅ። የሞተ ሲኖር ደግሞ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ወንዝ ተሻግሮ ነው።» ወገራ አገራችንን የሚያውቅ ይፍረደኝ። ገበያው ወንዝ ማዶ፣ ወፍጮው ወንዝ ማዶ፣ ለቅሶው ወንዝ ማዶ በሆነበት አገር አርባ ቀን ሙሉ ወንዝ ያልተሻገረ ሰው ከየት ይገኛል? ሟች ተነሥቶ አልተሻገርሁም አይል። እኔም እንደ ሁሉም ሰው ይህን ሳልጠይቅ ነው ያደግሁት፣ የሸማኔው ነገር እስኪመጣ ድረስ።

ሸማኔው ከላይኛው መንደር ነበር። ሁለት እግሩ ከልጅነቱ ሽባ ስለሆነ፣ ከሽመና ጉድጓዱ ወጥቶ እስከ በሩ የሚደርሰው በእጁ እየዳኸ ነው። እዚያው ተቀምጦ ሳለ ገብቶ የነከሰው ውሻ ነበር። አባቴ በዕለቱ ደርሶ አጠጣው። እናቴ የጋቢ ድር ሰጥታው ስለነበር በየሳምንቱ እኔ ነኝ የምመላለሰው፤ ሥራው የት እንደደረሰ አይቼ፣ ቡና ቁርሱን ቆሎ አቀብዬው እመለሳለሁ። በሁለተኛው ወር ላይ ውሃ ሲያይ የሚያንቀጠቅጠው ሆነ። ጋቢው ሳያልቅ ሞተ። የለቅሶው ዕለት ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ «መቼስ ወንዝ ተሻግሮ ይሆናል» ሲሉ ሰማሁ። አባቴም አብሮ አንገቱን ነቀነቀ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር፤ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሴት ልጅ በሽማግሌ መካከል ምን ትናገራለች? ግን የዚያን ቀን አንድ ነገር ከውስጤ ተሰበረ።

በዓመቱ፣ ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ፣ ከጓሮ ድንች እየቆፈርሁ ነበር። ጉሙ ገና አልተነሣም። የጎረቤታችን የአያ ደሴ ውሻ፣ መከታ የሚሉት፣ ሁለት ቀን ጠፍቶ ከርሞ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለ። ሁልጊዜ ጅራቱን እየቆላ የሚመጣ ውሻ ነው፤ እኔም እጄን ዘረጋሁለት። ለሐጩ እየተዝረበረበ ነበር። ምንም ሳይጮህ መጥቶ ባቴን ነከሰኝ። ጩኸቴን ሰምቶ አያ ደሴ ዱላውን ይዞ ሲደርስ እሱንም አውራ ጣቱ ሥር ዘለለበትና ያዘው። አያ ደሴ በዚያው ዱላ ገደለው። ከዚያ ውሻውን እያየ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «መከታዬን! በገዛ እጄ!» ይላል፣ ደሙ ከእጁ እየተንጠባጠበ።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተጠርቶ መጣ። አንድ ነገር ልመስክርለት። ከሁሉ አስቀድሞ ቁስላችንን አጠበ። የአባቱ ሥርዓት ነው፤ በሳሙና፣ ውሃ እያስቀዳ፣ ዳዊቱን በቃሉ እየደገመ፣ ቁስሉ ነጭ እስኪሆን ድረስ። ጋን ሙሉ ውሃ ጨረስን። ከዚያ ጓዳ ገባ፤ ሲወጣ በሁለት ዋንጫ ወተት ይዞ ነበር። አያ ደሴ አንዱን ተቀብሎ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና ጢሙን ጠረገ።

«ዕድሜ ይስጥዎ መሪጌታ። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ከወንዝ ወዲህ ነኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሁለተኛው ዋንጫ ወደ እኔ መጣ።

«እንኪ ልጄ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ጨልጪው።»

«አልጠጣም» አልሁ።

«ምነው?»

«ጎንደር ሄጄ መርፌ እወጋለሁ።»

እናቴ ጉንጯን ነጨች። «ኧረ በማርያም! የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ! ሰው ከሩቅ እየጠራው ያንች አባት መድኃኒት ላንች ያንሳል?»

ታላቅ ወንድሜ፣ ምስጢሩን ሊወርስ የተቀመጠው፣ ከዳር ሆኖ ሳቀ። «ጎንደር እስክትደርሽ ስንት ወንዝ አለ? መርዙ መንገድ ላይ ይፈላብሽና መርፌውን ሬሳሽ ይወጋዋል።»

እግሬ ይጠዘጥዘኛል፤ ፈርቻለሁም። ያሉት ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ የማምነው ነገር ነው፤ እምነት በአንድ ጠዋት ታጥቦ አይለቅም። ዋንጫውን ሳየው ግን የታየኝ የሸማኔው ፊት ነው።

«አባዬ፣ ሸማኔው የትኛውን ወንዝ ነው የተሻገረው?»

«ምን አልሽ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«በየሳምንቱ ድር እወስድለት ነበር። በእጁ እየዳኸ ከበሩ አልፎ አያውቅም። አንድም ቀን። ወንዝ ተሻግሮ ይሆናል ሲሉ እርስዎም አንገትዎን ነቀነቁ። በየትኛው እግሩ ነው የተሻገረው?»

አባቴ ተቆጥቶ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። ዋንጫውን መሬት አስቀምጦ በቅጠል ከደነውና ወጣ። እኔም ካሁን ካሁን ልቤ ይከዳኛል ብዬ ስለፈራሁ ተነሣሁ። እናቴ እያለቀሰች ቆሎ ቋጠረችልኝ። እያለቀሰች መቋጠሯን ዛሬም አልረሳውም፤ የማትስማማበት መንገድ ላይ ስንቅ የምትሰጥ እናት ናት የነበረችኝ።

የእኛ ወንዝ በበጋ ፍየል የምትዘልለው ነው። በነሐሴ ግን ሌላ ነው። ውሃው ቡና መስሎ ይወርዳል፤ ከሥሩ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። ዳር ላይ ቆምሁ። ቀሚሴን ሰብስቤ አንድ እግሬን ልሰድድ ስል «ቆይ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። አባቴ ነው፤ ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ መቋሚያውን እየተመረኮዘ ቁልቁለቱን ይወርዳል።

«አልመለስም!» አልሁ፣ ገና ሳይደርስ።

«ማን ተመለሽ አለሽ?»

አጠገቤ ቆሞ ውሃውን አየ። ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየና፣ ደቀ መዝሙር እንደሚጠይቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ትእዛዙ ምን ይላል?»

«የተነከሰ ሰው ወንዝ አይሻገር።»

«ሸጋ። አንድ ሰው የጤፍ ስልቻ ተሸክሞ ወንዝ ቢሻገር፣ ተሻገረ የሚባለው ማነው? ሰውየው ነው ወይስ ስልቻው?»

«ሰውየው።»

«እንግዲያማ ውጪ ጀርባዬ ላይ።»

እኔ በቁመት አባቴን እበልጠው ነበር፤ በክብደትም ሳልበልጠው አልቀርም። አዘለኝ። እግሬ ይንዘላዘላል፤ እሱ ከሁሉ በላይ የሚጨነቀው ለእግሬ ነው። «እግርሽን ሰብስቢ! ውሃ እንዳይነካሽ!» ይላል፣ ውሃው ጭኑ ላይ ደርሶ። መሃል ላይ ድንጋይ ከድቶት አንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። ውሃው መቋሚያውን ከእጁ ነጥቆ ሲወስደው አየሁ። እኔ አንገቱን አንቄ ጮህሁ። እሱ ዳዊቱን እየደገመ፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ፣ ተነሥቶ ማዶ ወጣ። አወረደኝና የጋቢውን ውሃ ጨመቀ።

«አንች ሸክም ነሽ። የተሻገርሁት እኔ ነኝ» አለኝ። ይህን ሲል ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

አምባ ጊዮርጊስ ደርሰን ድንች የጫነ ማኪና ላይ ተሳፈርን። ከከረጢቱ ላይ ተቀምጠን፣ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ዝናብ እየመታን ነው የሄድነው። ኮሶዬ ላይ ጉሙ ጥቅጥቅ ብሎ ሹፌሩ መብራት አበራ። በየድልድዩ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ጸሎት መስሎኝ ነበር። ጆሮዬን ሳስጠጋ ለካ «ማኪናው ነው የተሻገረው... ማኪናው ነው...» ይላል። ለኔ ሳይሆን ለራሱ ነበር የሚያስረዳው። በዚያ ሁሉ ፍርሃቴ መካከል ሳቄ መጣብኝና በነጠላዬ አፌን ያዝሁ። ወዲያው ደግሞ አሳዘነኝ። ሕጉን አልጣለም፤ ከነሕጉ ነበር እኔን ይዞ የሚሄደው።

ሆስፒታል ስንደርስ ከሰዓት ሆኗል። ጠና ያለች ነርስ ቁስሌን ፈትታ አየችና ቀና አለች።

«ማነው ያጠበላት?»

አባቴ ጥምጥሙን እያስተካከለ «እኔ ነኝ» አለ፣ እንደሚከሰስ ሰው።

«እጅዎ ይባረክ። ትልቁን ሥራ ሠርተውታል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ እጁን አየ። እሷ ግን መጻፏን ቀጥላ ነበር። ውሻው የት ሄደ? ተገድሏል። ሌላ የነከሰው ሰው አለ? እኔ ልናገር ስል አባቴ ክንዴን ያዘና ራሱ ተናገረ። «አለ። ጎረቤታችን። መድኃኒት አጠጥቸዋለሁ።»

ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፤ አልሳቀችበትምም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። «አባቴ፣ ይህ በሽታ አንዴ ከተነሣ እኛም እርስዎም የምናደርገው ነገር የለም። የምንቀድመው አሁን ብቻ ነው። ሰውየውን ያምጡልኝ። ዛሬ ነገ አይበሉ።»

ክትባቱ ያን ጊዜ ሆድ ላይ ነው፤ በየቀኑ፣ አሥራ አራት ቀን። እኔን አባቴ ቅኔ ሲማር በሚያውቃቸው አንድ ቄስ ቤት አሳደረኝና ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ወደ አገር ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ አላየሁትም፤ እናቴና አያ ደሴ፣ ሁለቱም በየፊናቸው፣ ደጋግመው የነገሩኝ ነው። አባቴ በቀጥታ አያ ደሴ ቤት ሄደ። «ተነሥ ደሴ፣ ጎንደር እንሂድ» አለው። አያ ደሴ ተኝቶ ነበር፤ ተነሥቶ ተቀመጠ።

«ምነው መሪጌታ፣ አርባ ቀኔን ላፍርስ? ከጠጣሁ ገና ሁለተኛ ቀኔ ነው!»

«መርፌው ይሻላል ብለውኛል።»

«እነሱ ምን ያውቃሉ? የርስዎ አያት የኔን አያት አድኗል። እኔ ከርስዎ እጅ የጠጣሁትን አላረክስም። ወንዝ ተሻግሮ ሞተ እንድባል ነው?»

አባቴ ለመነው፤ አልሆነም። ሚስቱ ለመነችው፤ አልሆነም። ያቺን ሌሊት አባቴ አልተኛም ትላለች እናቴ። የጨነቀው ግልጽ ነበር። አያ ደሴ የአባቴን መድኃኒት ከአባቴ አብልጦ ያምናል። ያን እምነት ያስተማረው ደግሞ አባቴ ራሱ፣ አያቴም፣ የአያቴ አባትም ናቸው። አሁን ሰውየውን ሊገድለው የሚችለው ያ እምነት ነው። ቀኑ ይሄዳል፤ እኔ ጎንደር ሆኜ ሁለተኛ መርፌዬን ተወግቻለሁ፤ አያ ደሴ ከወንዝ ወዲህ ተኝቷል።

በማግሥቱ የነሐሴ ተክለ ሃይማኖት ነው። አገሩ በሙሉ ደብሩ ላይ አለ። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ጋ ጠላና ዳቦ ሲይዝ፣ አባቴ ተነሥቶ ቆመ። አያ ደሴም ጋቢውን ተከናንቦ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል፤ ደብሩ ከወንዝ ወዲህ ነውና።

«ስሙኝ» አለ አባቴ። «የአባቶቼ መድኃኒት ረክሷል። ያረከስሁት እኔ ነኝ። ውሻ የነከሳትን ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ወንዝ አሻግሬያታለሁ። ሕጉን ታውቁታላችሁ። ከዚህ በኋላ ከኔ እጅ የሚጠጣ ሁሉ ውሃ ነው የሚጠጣው። ይህ መድኃኒት ከቤቴ ወጥቷል፤ ለልጄም አላወርሰውም።» ከዚያ ወደ አያ ደሴ ዞረ። «ደሴ፣ አርባ ቀን የምትጠብቅለት መድኃኒት የለህም። የጠጣኸው ባዶ ነው። አሁን ያለህ ጎንደር ብቻ ነው።»

ወንዝ ዳር ያለኝ ሸክም የሚባለው ነገር የት ሄደ? ስልቻው፣ ሰውየው፣ ማኪናው? አንዱንም አላነሣም። ራሱን ለማሳመን የደከመበትን ማምለጫ በገዛ አፉ ዘጋው።

ደጀ ሰላሙ ታወከ። ወንድሜ ሰው መሃል ጮኾ አለቀሰ። አንዲት ሴትዮ፣ ለገዛ ልጁ ያልበጀው ለኛ ሊበጅ ነበር ለማለት፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች!» አለች። አያ ደሴ ብድግ ብሎ በአባቴ ላይ ያላወረደው እርግማን የለም። ገደልኸኝ፣ ለልጅህ ብለህ እኔን ሸጥኸኝ አለው፤ አንቱታውን እንኳ ትቶ። ሲረግም ቆይቶ ግን ዱላውን አነሣና መንገድ ጀመረ። ሌላ ምን ያድርግ? አባቴ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሆኖ እስከ ጎንደር ድረስ ተከተለው። አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

የቀሩትን ቀኖች ከአያ ደሴ ጋር ነው ሆስፒታል የተመላለስሁት። ጠዋት ጠዋት ከዝናቡ ተጠልለን ሻይ በዳቦ እንጠጣለን፤ እሱ ይዞት የመጣውን በሶ ያካፍለኛል። በመጀመሪያው ሰሞን አያናግረኝም ነበር። በአምስተኛው ቀን ግን ሆዱን እያሻሸ «አንች ልጅ፣ ነርሷ ገበጣ መጫወቻ አደረገችኝ እኮ» አለ፤ ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። አርባ ቀኑ አለፈ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር አለፈ። እኔ በየጠዋቱ ውሃ ስቀዳ እንስራው ውስጥ እያየሁ ራሴን እፈትን ነበር። አያ ደሴ ገናን ከቤታችን መጥቶ ከአባቴ ጋር በላ። ይቅርታ ያለው ግን ማንም አልነበረም።

አባቴን ከዚያ በኋላ የጠራው ሰው የለም። የተነከሰ ሰው ሲኖር ግን ሳይጠራ ይሄዳል። «መድኃኒት የለኝም። ላጥብህና አብረን ጎንደር እንውረድ» ይላል። አንዳንዱ ይከተለዋል፤ አንዳንዱ በሩን ይዘጋበታል። ከዘጉበት ቤቶች ሁለት ሰው አስቀብሯል። በር ተዘግቶበት በተመለሰ ቁጥር እራቱን ሳይበላ ይተኛ ነበር።

ካረጀ በኋላ፣ ዓይኑ ደክሞ እኔ ዘንድ ማራኪ ሲኖር፣ አንድ ከሰዓት ጠየቅሁት። «አባዬ፣ እውነት ረክሷል ብለው ነበር? ወይስ አያ ደሴ እንዲሄድ ብለው ነው?»

የደከመ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«ከሸማኔው በኋላ ነው ለኔ የረከሰብኝ» አለ። «ደፍሮ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ዓመት ሙሉ ሰው ሳጠጣበት ኖርሁ።»

ያን ዓመት ሙሉ እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ። የለቅሶው ዕለት አፌን ባልዘጋ ኖሮ እላለሁ፣ አሁንም፣ ብቻዬን ስሆን። ለዚህ ነው ሰው ውሻ ነከሰኝ፣ ወይም ልጄን አተኮሰው፣ ወዴት ልሂድ ሲለኝ አነጋገሬ ኃይለኛ የሚሆነው። ልጆቼ «እማዬ ፖሊስ ትመስያለሽ» ይሉኛል። ይበሉኝ። ሰው የለመደውን በር ትቶ ወደማያውቀው በር እንዲሄድ አድራሻ መንገር አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ሥር የሰደደ ነገር ነቅሎ መሄድ አለበትና አብሮት የሚሄድ ሰው ይፈልጋል።

በዚህ ዓመት ጥር ላይ አያ ደሴ አረፈ። ሰባ ምናምን ዓመቱ ነው፤ ልጆቹን ድሮ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ በእርጅና። ለቅሶ ልደርስ ሄድሁ። ወንዙ ላይ አሁን ድልድይ አለ። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ የማያውቁኝ ወጣቶች እርስ በርስ «ማናት?» ሲባባሉ ሰማሁ። አንዱ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ መለሰ። «የዚያ መድኃኒቱ የረከሰበት መሪጌታ ልጅ ናት።»

አገሩ አባቴን የሚያስታውሰው በዚህ ስም ነው። በአንድ ወቅት እንዲህ ሲሉ ብሰማ እሳት እለብስ ነበር። ያን ቀን ግን የአያ ደሴ ልጆች፣ የልጅ ልጆቹም፣ ድንኳኑን ሞልተው ተቀምጠዋል፤ ቆጥሬ አልዘለቅኋቸውም። ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ወጣቱ ዞርሁ።

«አዎ ልጄ» አልሁት፣ ሁሉም እንዲሰማ። «የሱ ልጅ ነኝ።»